የበር ላይ ምርቃቴ

ያን ቀን አሳንሰሩ ውስጥ የነበርነው አምስት ሰዎች ነን። አንደኛ እኔ። ሁለተኛ ልጄ፤ አሥር ዓመቷ ነው፤ ሁለት ጣቶቼን አጥብቃ ይዛለች። ሦስተኛ ጎረቤቴ፤ ከግቢያችን በር ፊት ለፊት ሱቅ ያላት፣ የመጣችውም እኔን ልታበረታታ ሳይሆን፣ እሷ እንደምትለው፣ «እንዳያመልጠኝ» ብላ። አራተኛ ሦስት ትሪ እንቁላል ደረቱ ላይ ደራርቦ የያዘ ሰውዬ፤ ላይኛው ፎቅ ላለው ካፌ የሚያደርስ። አምስተኛ ከረባት ያሰረ ሰው፤ በስልኩ «መንገድ ላይ ነኝ፣ ደርሻለሁ» እያለ የገባ።

መብራት የሄደው በሦስተኛውና በአራተኛው ፎቅ መካከል ስንደርስ ነው።

እኔ እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ የምገባ ሴት አይደለሁም። ልብስ ሰፊያችን አዲሱ ገበያ ካለ ፎቅ አምስተኛው ላይ ከተከራየ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ሁለቱንም ዓመት የወጣሁት በደረጃ ነው። ጉልበቴን እያመመኝም በደረጃ። ደረጃ መብራት ቢሄድም ደረጃ ነው። አሳንሰሩ ውስጥ የገባሁት የቤት ሥራ ስለተሰጠኝ ነው። አምስተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ካቋረጥኩ ወዲህ የመጀመሪያዬ የቤት ሥራ ስለሆነ ልተወው አልቻልኩም።

ነገሩ የጀመረው ከዚያ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ፣ የልጄ ትምህርት ቤት ወላጆችን ለሥልጠና ሲጠራ ነው። የጥሪው ወረቀት «ልጆችን በቀና አስተሳሰብ ማሳደግ» ይላል። ከሥሩ ደግሞ «በሥልጠናው ያልተገኘ ወላጅ የልጁን ካርድ አይወስድም» ይላል። ስለዚህ ሁላችንም በቀና አስተሳሰብ መጣን፤ የልጆቹ ዴስክ ላይ ተጣጥፈን ተቀመጥን።

አሰልጣኟ ገና ወጣት ናት። ነጭ ስኒከር አድርጋለች፤ በንግግሯ መሃል «ዋው» ትላለች። የወለደች አልመሰለኝም፤ ልብሷ ላይ ምንም የፈሰሰ ነገር አልነበረም።

«ቃላችሁ ልጃችሁ ውስጥ ይቀራል» አለችን። «ልጅ የሚሆነው የምትነግሩትንና ስታደርጉ የሚያያችሁን ነው። አሁን፣ ትናንት ጠዋት ልጃችሁን ስትሸኙ ያላችሁትን ሁሉ፣ ሳትጨምሩ ሳትቀንሱ ጻፉልኝ። ስም አያስፈልግም።»

አንድ አባት ከሁላችን ቀድሞ ጨረሰና እጁን አወጣ። «‹አንቺ አንበሳ ነሽ፣ ገና ዓለምን ትለውጫለሽ› ብዬ ነው የሸኘኋት» አለ። አሰልጣኟ «ዋው» ብላ አስጨበጨበችለት።

የልጇን ካርድ ልትወስድ የመጣችው ጎረቤቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «ወላሂ፣ በሱቄ በር ሲያልፉ ‹አንቺ ደነዝ፣ እግርሽን አንሺ› ሲላት ነው የሰማሁት» አለችኝ።

«ምናልባት ከዚያ በኋላ ብሏት ይሆናል።»

«አዎ፣ ዛሬ እዚህ ሲገባ።»

እኔ ግን ጻፊ ከተባልኩ የምጽፍ ሰው ነኝ። ሳልጨምር ሳልቀንስ ጻፍኩ። ወረቀቱ አለቀ። ሌላ ለመንኩ። ሌሎቹ ወላጆች እስክሪብቶ መልሰው እኔን መጠበቅ ጀመሩ።

በየቀኑ ጠዋት ልጄን በር ላይ አቁሜ እመርቃታለሁ። እናቴም እኔን ትመርቀኝ ነበር። የእሷ ግን አጭር ነበር፤ ያኔ መኪናውም ጥቂት ነበር።

አሰልጣኟ ወረቀቶቹን ሰብስባ ደባለቀችና አንዱን መዘዘች። ወፍራሙን። ማንበብ ጀመረች፦

«ከመኪና ይሰውርሽ። ፍሬኑ ከተበጠሰ ገልባጭ ይሰውርሽ። ክዳኑ ከተነሳ ጉድጓድ ይሰውርሽ…»

ከኋላ በኩል አንድ ድምፅ «አሜን» አለ። ለልጅ ልጃቸው የመጡ ሽማግሌ ናቸው። ሌሎቹም ተከተሉ። ምርቃት ሲነበብ ዝም ማለት አንችልበትም።

«ፎቅ ከሚሠራበት ከሚወድቅ አጣና ይሰውርሽ።»

«አሜን!»

«ከተንጠለጠለ ሽቦ ይሰውርሽ።»

«አሜን!»

«የማታውቂው ሰው ከሚሰጥሽ ከረሜላ ይሰውርሽ።»

«አሜን፣ አሜን!»

ጎረቤቴ ሁለት እጇን ዘርግታ «አሚን» ትላለች። አንበሳው አባት ሳይቀር ቆሞ ነበር። አሰልጣኟ ወረቀቱን ዝቅ አድርጋ አየችን።

«ይቅርታ፣ ይሄ ምርቃት ነው ወይስ የኢንሹራንስ ውል?»

የሳቀ ሰው የለም። ሽማግሌው ቀና ብለው፣ «ልጄ፣ ጨርሺው እንጂ» አሏት። «ምርቃት ከመሃል ይቋረጣል እንዴ? ልጅቷን ከወገቧ በታች ሜዳ ላይ ልትተያት ነው?»

ምን ታድርግ፣ ቀጠለች። ውሻውን፣ ኩፍኙን፣ ክፉ ጓደኛውን፣ ባጃጁን ሁሉ አነበበች። ቶንሲል ላይ ስትደርስ የራሷ ድምፅ ዘግቶ ነበር። የመጨረሻው አሜን ከተባለላት በኋላ ውሃ ጠጣችና እንዲህ አለች፦

«ይህችን ልጅ ሳላያት አውቃታለሁ። ክፍል ውስጥ እጇን አታወጣም። አዲስ ነገር ሲመጣ መጀመሪያ የሚታያት የሚደርስባት አደጋ ነው። በየቀኑ ጠዋት ይነበብላታላ!»

ስም አያስፈልግም ብላን ነበር። ግን ክፍሉ በሙሉ ዞሮ የሚያየው እኔን ነው፤ ሁለት ወረቀት የጻፈ ሌላ ሰው አልነበረማ።

ሁለት የቤት ሥራ ሰጠችን። አንደኛ፣ ልጃችንን ስንሸኝ የምንፈራውን ሳይሆን የምንመኘውን ብቻ እንድንናገር። ሁለተኛ፣ ከምንፈራው ነገር አንዱን ልጃችን እያየን እንድናደርግ።

ስወጣ የሚኒ ሚዲያው መምህር በር ላይ ያዙኝ። ሚኒ ሚዲያ ማለት ጠዋት ሰልፍ ላይ በማይክ ዜና የሚያነቡት ልጆች ናቸው፤ ልጄም ከእነሱ ጋር ናት። አንባቢ ግን አይደለችም። ለሌሎቹ ትጽፍላቸዋለች።

«የትምህርት ቤቶች ውድድር አለ» አሉኝ። «አዳማ ነው፤ ጠዋት ሄደው ለማታ ይመለሳሉ። እንድታነብ የመረጥነው የእርስዎን ልጅ ነው። ክፍል ውስጥ ለእኔ ብቻ ስታነብልኝ እንደ እሷ የሚያነብ የለም። እሷ ግን አልሄድም ብላኛለች።»

«ለምን አለች?»

«አውቶቡሱ ፍሬን ቢበጥስስ ትላለች። እሺ ብንደርስስ ስላት፣ ማይኩ ኤሌክትሪክ ቢይዘኝስ ትላለች። እንዲህ ያለውን ነገር ከየት እንደምታመጣው አላውቅም።»

«እኔም አላውቅም» አልኳቸው።

የወላጅ ፈቃድ ወረቀት ሰጡኝ። «አሥራ አንድ ቀን አለዎት፤ እስከ ሌላኛው ሳምንት ረቡዕ ካልመጣ ሌላ ልጅ እንተካለን። እውነቱን ልንገርዎት፤ ይህች ልጅ አሁን ካልወጣች በኋላ የምትወጣ አይመስለኝም።»

እዚህ ላይ መዋሸት እችል ነበር፤ ግን ስለ ቀና አስተሳሰብ እየጻፍኩ መዋሸት አልፈለግኩም። አልሄድም ማለቷን ስሰማ ደስ አለኝ። እኔ ሳልከለክል፣ ክፉ እናት ሳልባል፣ ልጄ በራሷ ጊዜ ቀረችልኝ። ዳገቱን ከጉልበቴ ጋር ሳልጣላ ወጣሁት።

ግቢ ስገባ የተሰጣው ልብስ ጀርባ ድምፅ ሰማሁ። የማላውቃት ጋዜጠኛ መሰለችኝ፤ ረጋ ያለች፣ ቃሏን የማትበላ። ልጄ ናት። የዱቄት ከረጢቱን በሁለት እጇ ይዛ የተጻፈበትን እንደ ዜና ታነባለች፦ «ከፀሐይና ከእርጥበት ርቆ በደረቅ ቦታ ይቀመጥ።» አንሶላውን ገለጥ ሳደርገው አቆመች። «ምንም አይደለም እማዬ» አለችኝ። ምን እንደምታደርግ አልጠየቅኳትም ነበር።

ያ ደስታዬ እዚያው ጠፋ።

ሰኞ ጠዋት የመጀመሪያውን የቤት ሥራ ጀመርኩ። በር ላይ አቆምኳትና፣ «ዛሬ ደስ የሚል ቀን ይሁንልሽ» አልኳት።

ቆማ ጠበቀችኝ። «እሺ፣ ቀጥይ።»

«አበቃ።»

«እንዴት አበቃ? መኪናውስ?»

«መኪናውን ትተነዋል።»

«ማን ነው የተወው?»

«አሰልጣኟ ናት።»

«መንገዳችንን ታውቀዋለች?»

ጎረቤቴ ከሱቋ መስኮት አንገቷን አውጥታ፣ «አንቺ ሴትዮ! ልጅቷን ባዶዋን ልትሸኚያት ነው እንዴ?» አለች።

ማክሰኞ ጨመር አደረግኩላት፤ «ጉልበትሽ ይበርታ፣ ዓይንሽ ይብራ» አልኳት። እስከ መታጠፊያው ሄዳ ተመለሰች። ጉድጓዱ ሳይባል ቀርቷል። ለእሷ ያልተጠራ አደጋ ሁሉ ያልተዘጋ በር ነው፤ በዚያ በኩል እንደሚመጣባት ታውቃለች። ረቡዕ መንገዱን ስትሻገር እንደ አሮጊት ሆነች። ሐሙስ አርፍዳ በር ላይ ተመዘገበች። በአራት ቀን ቀና አስተሳሰብ ልጄን ከበፊቱ የባሰ ፈሪ አደረግኳት።

«ቃሉ እምቢ ካለሽ ተግባሩን ሞክሪዋ» አለች ጎረቤቴ። «ከምትፈሪው አንዱን ነው ያሉት አይደል? ኧረ ከየት ተጀምሮ!» በጣቷ ትቆጥርልኝ ጀመር። «ውሻ፣ መብረቅ፣ የጋዝ ሲሊንደር፣ የባንክ ማሽን…»

«የባንክ ማሽን አልፈራም። ካርዴን እንዳይበላው ነው።»

«እሱን ነዋ የምልሽ።»

በመጨረሻ አሳንሰሩን መረጥን። የልጄ ዩኒፎርም ልብስ ሰፊው ጋ ነበር፤ ለማንኛውም መሄዳችን አይቀርም።

እንግዲህ ቅዳሜ በስድስት ሰዓት የገባነው እንዲህ ነው። ስገባ ለልጄ ፈገግ አልኩላት። ፊቴ ምን ይመስል እንደነበር አላውቅም፤ ጎረቤቴ ግን ጥርስ የሚያወልቁልሽ ትመስይ ነበር ብላኛለች። አንደኛ ፎቅ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ሦስተኛ ፎቅ አለፍን። «አየሽ?» አልኳት ልጄን፣ «ምንም አይሆንም።» አሳንሰሩ ቀጥ አለና ጨለመ።

ጮህኩ። መጮህ ብቻ አይደለም፣ ዘለልኩ።

«እናት፣ ክርንሽን ሰብስቢ፣ እንቁላል ነው!» አለ ባለ እንቁላሉ።

ጎረቤቴ የስልኳን መብራት አበራች። ባለ ከረባቱ «ሄሎ? ሄሎ?» አለ፤ ኔትወርክ አልነበረም። ግድግዳውን ተደግፎ ቁልቁል ተንሸራተተና ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። እኔ ልጄን አቅፌ «ከ… ከ…» ብዬ ጀመርኩ፤ የሚቀጥለው ቃል ጠፋኝ። ምርቃቴ ሁሉ የተዘጋጀው ገና ላልደረሰ ነገር ነው። ለደረሰ ነገር ምን እንደሚባል አላውቅም ነበር።

ከታች የጥበቃው ድምፅ መጣ። «ውስጥ ሰው አለ?»

ሁላችንም በአንድ ላይ ጮህን።

«ምን?» አለ።

እንደገና ጮህን። እኔ «ልጅ ይዣለሁ» አልኩ፤ ባለ እንቁላሉ «እንቁላል ይዣለሁ» አለ፤ ጎረቤቴ ሱቋን ለማን ትታ እንደመጣች ትናገር ነበር።

«አይሰማም!» አለ ጥበቃው።

«ሁላችሁም ዝም በሉ» አለች ልጄ።

ዝም አልን። ባለ ከረባቱም ዝም አለ። እጄን ከትከሻዋ አነሳችና ፊቷን ወደ በሩ አዞረች። ከልብሱ ጀርባ የሰማሁት ያ ድምፅ ወጣ፤ ረጋ ያለው።

«አለን። አምስት ነን። በሦስተኛውና በአራተኛው ፎቅ መካከል ነን። የታመመ የለም።»

«እሺ እናቴ!» አለ ጥበቃው ወዲያው። «ጄኔሬተር የሚያስነሳው ሰውዬ ምሳ ወጥቷል፤ እየተደወለለት ነው። አይዟችሁ!»

ሰውዬው ምሳውን አኝኮ የሚበላ ሰው ነበር መሰለኝ፣ ብዙ ጠበቅን። ባለ ከረባቱ ዓይኑን ጨፍኖ የሚያውቃቸውን ታቦታት ሁሉ ይጠራል። ልጄ ግራና ቀኝ አየችን። ከዚያ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ውድ አድማጮቻችን፣ እንደምን ዋላችሁ። የዛሬው ዝግጅታችን በቀጥታ የሚተላለፈው ከአሳንሰር ውስጥ ነው። በአሁኑ ሰዓት አንድ እናት፣ አንዲት ባለ ሱቅ፣ አንድ ባለ ከረባት፣ አንድ ባለ እንቁላልና አንዲት ተማሪ በሙሉ ጤንነት ይገኛሉ። ዘጠናው እንቁላልም በደህና ሁኔታ ላይ ነው።»

«ሁለት ተሰብሯል» አለ ባለ እንቁላሉ።

«እርማት እናቀርባለን። ሁለት ተሰብሯል። አደጋውን ያደረሰው የአንዲት እናት ክርን ነው።»

ጎረቤቴ ሳቋን ለቀቀችው። «ጨምሪ ሚጣዬ፣ ጨምሪ! ስለ ዋጋ ንረትም በይ!» ባለ ከረባቱ አንድ ዓይኑን ገለጠ። እሱንም ቃለ ምልልስ አደረገችለት፤ የጎረቤቴን ስልክ አፉ ላይ ደግና፣ እኔን ደግሞ በሌላ እጇ ይዛ። ወዴት እየሄዱ ነበር ስትለው፣ «ሥራ ልጠይቅ» አላት፣ እንደ ልጅ። እሷም «መልካም ዕድል እንመኛለን» አለችው። ከዚህ በኋላ ተነስቶ ቆመ።

መብራት ሲመጣ አራተኛው ፎቅ ላይ ወጣን። የቀረውን አንድ ፎቅ እኔ ሳልጠየቅ በደረጃ ጀመርኩት። ልጄ ከጎኔ እየወጣች፣ «እማዬ» አለችኝ።

«ወዬ።»

«የፈራሽው ነገር እኮ ሆነ።»

«አዎ፣ ሆነ።» አለቀሰች ብዬ አየኋት። ታስባለች እንጂ አላለቀሰችም።

«ሆነ፣ ከዚያ ወጣን።»

«ወጣን።»

ስንመለስ በአሳንሰር ልውረድ አለችኝ። ከጎረቤቴ ጋር ወረደች። እኔ በደረጃ ነው የወረድኩት፤ የቤት ሥራው አንድ ጊዜ ነው የሚለው። ታች ስደርስ ከጥበቃው ጋር እያወራች አገኘኋት። መንገድ ላይ፣ ሳልጠይቃት፣ «ለመምህር እሄዳለሁ በያቸው» አለችኝ።

አሁን በልጄና በአዳማ መካከል የቀረው እንቅፋት እኔ ብቻ ሆንኩ።

ወረቀቱን የገዛ እጄ ከሰሃኖቹ ሥር ከተተው። ደበቅኩት አልልም። እሑድ ሰሃኖቹን አላነሳሁም። ሰኞም አላነሳሁም። ማክሰኞ ሳሙና ልገዛ ስሄድ ጎረቤቴ፣ «ወረቀቱስ?» አለችኝ።

«የት እንዳስቀመጥኩት ጠፍቶኝ እየፈለግኩት ነው።»

«ሰሃኑ ሥር ነው።»

ሳሙናውን መልሼ መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩት።

«ልጅሽ ናት የነገረችኝ። ከቅዳሜ ጀምሮ በየቀኑ እያነሳች ታየዋለች። እንዳትነግሪያት፣ ራሷ ትፈርም እንደሆነ ልይ ብላኛለች።»

አሰልጣኟ ልጅ የምታደርጉትን ያያል ስትል እኔ አሳንሰር መስሎኝ ነበር። ሰሃን ሥር የተደበቀም ይታያል ለካ። ቤት ገብቼ ወረቀቱን አወጣሁት፤ አራት ጊዜ ተነስቶ አራት ጊዜ የተመለሰ ወረቀት ጠርዙ ያስታውቃል። «የወላጅ አስተያየት» የሚለው ላይ ብዙ ባዶ መስመር ነበረው። «ፈቅጃለሁ» ብዬ ብቻ ጻፍኩ። ብዙ ሰዓት የፈጀብኝ ጽሑፍ እሱ ነው።

የጉዞው ቀን ማለዳ አውቶቡሱ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሟል። ልጄ መስኮት አጠገብ ተቀምጣለች፤ ራቅ ብላ ትቀመጥ አላልኩም። «ድምፅሽ ይሰማ» አልኳት። «የምታነቢውን አስበሽ አንቢ። ደስ ብሎሽ ተመለሺ።»

በመስኮቱ አንገቷን አወጣች። «መኪናውን አልጨመርሽም።»

«እሱን ለሹፌሩ ነግሬዋለሁ።»

እውነቴን ነው። ከማንም ቀድሜ ደርሼ በሹፌሩ መስኮት ሥር ቆሜ ሙሉውን ለእሱ አደረግኩለት። ከእንቅልፍ ይሰውርህ፣ ከፍሬን መበጠስ ይሰውርህ፣ በስልክ ከማውራት ይሰውርህ፣ እቀድማለሁ ከማለት ይሰውርህ። ደህና ሰው ነው፤ ሞተሩን አስነስቶ እጁን መሪው ላይ አድርጎ እያንዳንዱን አሜን ብሏል። መምህሩ ሰዓታቸውን አሳይተው ነው ያስቆሙኝ።

አውቶቡሱ ቁልቁለቱን ወርዶ ተሰወረ። ጎረቤቴ ክንዴን ይዛ ሱቋ ወሰደችኝ፤ ስልኬን ተቀብላ ሚዛኑ ጀርባ አስቀመጠችው። «እስከ ስምንት ሰዓት አትደውይም። ልጅቷ ታፍራለች።» ሩዝ እንድለቅምላት ሰጠችኝ። ሁለት ኪሎ ለቀምኩ። የተለቀመውንም ደግሜ ለቀምኩት። ሰባት ሰዓት ተኩል ሲል ደንበኛ መጣባትና ዞር አለች።

ስልኩን አንስቼ ሱቁ በር ላይ ወጣሁ። ብዙ ጠራ። መምህሩ አነሱት፤ ከኋላቸው ጭብጨባ ይሰማል፣ የማን እንደሆነ አይታወቅም። ደርሰዋል ወይ፣ በልታለች ወይ ልላቸው ነበር፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ አፌ ላይ መጣ። አንዱን ብቻ መረጥኩ።

«መምህር፣ እንደምን ዋሉ። እኔ እናቷ ነኝ። ልጄ እንዴት ሆነች፣ አነበበች? እባክዎ ይንገሩኝ።»